ወንጀለኛው ማን ነበር?

ግዞት የገዥዎች ጥንታዊ መሣሪያ ነው። ገዥው የሚፈራውን ወይም የሚንቀውን ሰው ከአገሩ አፈር ነቅሎ ከዓይን ሲያርቅ፣ አስቀድሞ «ወንጀለኛ» የሚል ስም ይለጥፍበታል። ስለዚህ ስለ ግዞተኛ በሰማን ቁጥር፣ ወንጀሉን የሰየመው ማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ከ160,000 በላይ እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ ስታግዝ፣ 25,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ድሆች ሲሆኑ፣ ጥፋታቸውም ስርቆት ነበር። ለጥቂት ክንድ ጨርቅ ወይም ለአሮጌ ልብስ ሲባል የ7 ዓመት ግዞት ይፈረድባቸው ነበር። በፓራማታና በሆባርት «የሴቶች ፋብሪካ» በተባሉ እስር ቤቶች ሱፍ ይፈትሉ፣ ልብስ ያጥቡ ነበር። የሰፈሩበትም መሬት ከነባሩ ሕዝብ የተነጠቀ ነበር። በዚህም ቅኝ ገዥው ተበዳይዋን ለሌላ በደል መሣሪያ አደረጋት።

በአገራችንም ፋሺስት ኢጣሊያ ይህንኑ ስልት ተጠቅሟል። የጎጃምን ጦር ይዘው ሽሬ የዘመቱት ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ተማርከው ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። በምዕራብ በኩል ከአርበኞቹ ጋር የነበሩት ስንዱ ገብሩም ወደ አሲናራ ደሴት ተወሰዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግዞቱ በረታ። መኳንንቱ ወደ ኢጣሊያ ሲላኩ፣ ሌላው ሕዝብ እናቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በሶማሊያ ጠረፍ ወደ ነበረው የዳናኔ እስር ቤት ተጋዘ። የጮቄን አየር የለመደ ደገኛ የዚያን ጠረፍ ሐሩር፣ ረኃብና ወባ ያስበው! ከዚያ ያልተመለሱት ብዙ ናቸው።

ግዞት ግን ዓላማን አልገደለም። ሸዋረገድ ገድሌ ከአሲናራ እንደ ተመለሱ ትግላቸውን ቀጠሉ። ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

የሁለቱ ግዞቶች መነሻ አንድ አይደለም። እዚያ ድህነት፣ እዚህ የአገር ፍቅር ወንጀል ተባለ። የሁለቱም ፈራጅ ግን የቅኝ ገዥው ኃይል ነበር።

ታሪክ የጥቂቶችን ስም ይዟል፤ ስንቅ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ ያስታመሙ የጎጃም እናቶች ስም ግን በየቤቱ ተበትኗል። በየቀበሌው የምንኖርና በየሥራ ቦታው የምንውል ሁሉ ይህን ስም ከአያቶቻችን ወሬ ለቅመን በጽሑፍ እናኑር። ያልተጻፈውን ስም ሌላው እንደ ፈቀደው ይሰይመዋልና።