ለኢንክቤሪ ስንት ሰዓት ፀሐይ?

እንጀራዬ አትክልት ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በሰው ግቢ አጥር እተክላለሁ፣ እከረክማለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ቤት የገዙ የሀገሬ ልጆች ናቸው። ችግኝ ሲገዙ ስለ ውሃው ይጠይቁኛል፣ ስለ ማዳበሪያው ይጠይቁኛል፤ ስለ ፀሐዩ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ሰው ነው። ኢንክቤሪ የሚባለውን ቁጥቋጦ ለሚተክል ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት እሱ ነው።

ከየት የመጣ ተክል ነው?

ኢንክቤሪ የዚሁ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኢሌክስ ግላብራ ይባላል። ከካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ እስከ ፍሎሪዳ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ሉዊዚያና ድረስ በባሕር ጠረፍ ሜዳ፣ በረግረግ ዳርና በአሸዋማ የጥድ ጫካ ውስጥ በራሱ ይበቅላል። የሆሊ ወገን ነው፤ በሀገራችን ደጋ ጫካ ወንዝ ዳር የሚገኘው ኢሌክስ ሚቲስ የተባለው ዛፍም ዘመዱ ነው። ኢንክቤሪ እሾህ የለውም። ቅጠሉ ትንንሽ፣ ደማቅ አረንጓዴና አብለጭላጭ ሲሆን በብርድ ወራትም አይረግፍም። ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሊደርስ ይችላል።

በሜይና በጁን ለዓይን የማይሞሉ ነጣ ያሉ አበቦች ያወጣል። ንብ ግን ትወዳቸዋለች፤ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ውስጥ ጋልቤሪ እያሉ ነው የሚጠሩት፣ ከአበባው የሚገኘው ማርም ቶሎ ስለማይረጋ ተፈላጊ ነው። በመከር የሚያፈራው ጥቁር ፍሬ ብርዱን ሙሉ ቅርንጫፉ ላይ ስለሚቆይ ወፎች ሌላ ምግብ ሲያጡ ይደርስላቸዋል። ለሰው ግን አይበላም፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ይወቅ። በዚሁ በኢንክቤሪ ስም የሚጠራ፣ ግንዱ ወይን ጠጅ የሆነ ሌላ የዱር ተክልም አለ። እሱ የእንዶድ ዘመድ ነውና ከዚህኛው ጋር አታምታቱት።

እ.ኤ.አ. በ2011 ቦክስውድ የተባለውን የተለመደ የአጥር ተክል ቅጠሉን የሚያረግፍ የፈንገስ በሽታ አሜሪካ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በቦክስውድ ፋንታ ኢንክቤሪ ይተክላል፤ እኔም በደስታ እተክላለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲባል

ችግኙ ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት «ሙሉ ፀሐይ ወይም ከፊል ጥላ» ይላል። ሙሉ ፀሐይ ማለት ተክሉ በሚያድግባቸው ወራት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ምንም ሳይጋርደው ቅጠሉ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ነው። ከፊል ጥላ የሚባለው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው። ሰዓቱ የግድ ተከታታይ መሆን የለበትም፤ ጠዋት ሦስት፣ ከቀትር በኋላ ሦስት ቢያገኝ ያው ስድስት ነው። በዛፍ ቅጠል መካከል ሾልኮ የሚገባ ብርሃን ግን እንደ ሙሉ ሰዓት አይቆጠርም።

ኢንክቤሪ በአራት ሰዓትም ይኖራል፤ የሚያምረው ግን ስድስትና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቅጠል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። ብርሃን ሲያንሰው ተክሉ ወደ ላይ ይሳባል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ጥላ የዋጣቸው የታችኞቹ ቅጠሎች ከሚሠሩት የሚበሉት ስለሚበልጥ ይረግፋሉ። ውሎ አድሮ ከላይ ጥቂት ቅጠል፣ ከታች ባዶ እንጨት ይቀራል። ኢንክቤሪ ሲያረጅ እግሩ የመራቆት ጠባይ ቀድሞውንም አለው፤ ጥላ ያብስበታል። ሻምሮክ የሚባለው ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድገው ዝርያ እንኳ ጥላ ውስጥ ይሳሳል።

አበባውም ከብርሃን ጋር ይቀንሳል፤ አበባ ከሌለ ፍሬ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንደ ፓፓያ ሁሉ ኢንክቤሪም ወንዴና ሴቴ አለው። በቂ ፀሐይ እያገኘ፣ እያበበ ፍሬ ካልያዘ ወይ ተክሉ ወንዴ ነው፣ ወይ በአቅራቢያው ወንዴ የለም።

ሰማዩ የሀገራችን ሰማይ አይደለም

አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የቤቱ ሁለቱም ጎን ድርሻውን ያገኛል። ዋሽንግተን ላይ እንዲህ አይደለም። ጁን ላይ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ ዲሴምበር ላይ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ ቤት ጁን ላይ በቀትር የሚጥለው ጥላ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ያው ቤት ዲሴምበር ላይ ከ11 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ እዚህ ሀገር «ይህ ቦታ ፀሐይ አለው» ከማለት በፊት «በየትኛው ወር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዛፉም ይለዋወጣል። አንዲት እናት ማርች ላይ ግቢያቸውን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ፀሐይ ሞልቷል፤ እዚሁ ይተከልልኝ» አሉኝ። ከራሳችን በላይ ትልቅ ሜፕል ቆሟል፣ ገና ራቁቱን ነው። «እማማ፣ ሜፕሉ ቅጠል ያውጣና ጁን ላይ እንየው» አልኳቸው። ጁን ላይ ቦታው ሦስት ሰዓት ፀሐይ እንኳ አልነበረውም። ኢንክቤሪውን ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ተከልነው፤ ዛሬ እስከ መሬት ድረስ ቅጠል ለብሷል።

አቆጣጠሩ መሣሪያ አይፈልግም። ዛፎች ቅጠል ካወጡ በኋላ ጥርት ያለ ቀን ምረጡ። ከማለዳ እስከ ማታ በየሰዓቱ፣ ከአንድ መስኮት፣ ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ማታ ፎቶዎቹን ደርድራችሁ ፀሐይ ያረፈባቸውን ሰዓቶች ቁጠሩ። ለአጥር የሚሆን ረድፍ ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ለየብቻ ቁጠሩ፤ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ የሆነ ረድፍ መቼም እኩል አያድግም።

ፀሐይ ሲበዛ

ኢንክቤሪ የረግረግ ዳር ተክል ነውና ፀሐይን የሚችለው ሥሩ እርጥበት ሲያገኝ ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ የጡብ ግድግዳና አስፋልት ሙቀቱን መልሰው ሲተፉበት፣ አፈሩም ሲደርቅ፣ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት በኋላ ጥላ ይሻለዋል። መሬቱን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

የብርድ ወራት ፀሐይም ይጎዳል። መሬቱ በረዶ ሆኖ ሥሩ ውሃ መሳብ ሲያቅተው፣ ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ እርጥበት ይመጥጣሉ፤ ስፕሪንግ ላይ ቅጠሉ ደርቆ ይገኛል። መሬቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይረዳዋል።

ሁሉንም ጉዳት ግን በፀሐይ አታሳብቡ። ደም ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አፈሩ ነው። ኢንክቤሪ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ከቤት መሠረት ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ ደግሞ አሲዱን ይቀንሳል።

በጥላ የተራቆተውን ማዳን

ቀድሞ የተተከለና እግሩ ባዶ የቀረ ኢንክቤሪ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ስፕሪንግ መጀመሪያ ላይ፣ አዲስ ቡቃያ ሳይወጣ፣ ካረጁት ግንዶች ሲሶውን ከመሬት አስጠግታችሁ ቁረጡ፤ በየዓመቱ ሲሶ ሲሶውን እያደረጋችሁ አድሱት። ከሥሩ ይተካል። አዲሱ ቡቃያ ግን እንደ አሮጌው እንዳይሳሳ ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በላዩ ያጠላውን የዛፍ የታች ቅርንጫፍ አንሱለት፣ ካልሆነም ተክሉን ወደ ተሻለ ቦታ አዛውሩት።

ቆጥራችሁ ከ4 ሰዓት በታች ያገኛችሁበት ቦታ ላይ ኢንክቤሪ አትትከሉ። እንደ ፈርን ያሉ ጥላ የሚወዱ ተክሎች አሉለት። አራትና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ትከሉት፤ ስድስት ካገኛችሁ አጥራችሁን በእሱ ሥሩ። ጁን ላይ የቆጠረ ሰው፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሴፕቴምበር ላይ ለመትከል ይደርሳል።