የታደሰ ቤዝመንት የሚሸሽጋቸው አደጋዎች

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲ መቀመጫ በሆነችው በሮክቪል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ቤቶች በብዛት ይገኛሉ። ከእ.ኤ.አ. 1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተገነባው የትዊንብሩክ ሰፈር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ዘመን ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ ባለቤት ተፈራርቆባቸዋል፤ ብዙዎቹም ተቀጥለዋል፣ ታድሰዋል፣ ደጋግመው ቀለም ተቀብተዋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ቤዝመንት የሚባለው ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ወለል የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ዘመድ የሚያርፍበት፣ የልጅ ልጅ ለማሳደግ የመጡ እናት የሚከርሙበት፣ ሲከራይም የቤቱን ወርኃዊ ክፍያ የሚያግዝ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳው ተለብጦ፣ ወለሉ ተነጥፎ «ታድሷል» የተባለ ቤዝመንት ሦስት አደጋዎችን ሊሸሽግ ይችላል፤ እነርሱም ራዶን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና መውጫ ማጣት ናቸው።

ከዐለት የሚመነጨው ጋዝ

ራዶን በአፈርና በዐለት ውስጥ ያለ ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈርስ የሚፈጠር ጨረር አመንጪ ጋዝ ነው። ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። በክረምት ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው በኩል ሲያመልጥ፣ በቤቱ ግርጌ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በወለል ስንጥቆችና በቱቦ ቀዳዳዎች በኩል ከአፈሩ ውስጥ ጋዝ ይስባል። ስለዚህ የራዶን መጠን ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው በቤዝመንት ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ራዶን በአገሪቱ በየዓመቱ ለ21,000 ያህል የሳንባ ካንሰር ሞት ምክንያት እንደሚሆን ይገምታል። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ኤጀንሲው ከፍተኛ የራዶን መጠን ይጠበቅባቸዋል ብሎ ከመደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በካውንቲው ከጥቅምት 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ከመሸጡ በፊት የራዶን ምርመራ እንዲደረግለት በሕግ ተደንግጓል።

ምርመራው ቀላል ነው። መስኮትና በር ከ12 ሰዓት በፊት ጀምሮ ተዘግተው፣ አነስተኛ መለኪያ ቢያንስ ለሁለት ቀን በክፍሉ ይቀመጣል። ውጤቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኪዩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቤቱ መስተካከል አለበት፤ የተለመደው ዘዴ ከወለሉ ሥር ቱቦ አስገብቶ ጋዙን በማራገቢያ ከጣሪያ በላይ ማስወጣት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ኤጀንሲው ቤት ከታደሰ በኋላ፣ እንዲሁም ሰው በታችኛው ወለል መኖር ሲጀምር ምርመራው እንዲደገም የሚመክር መሆኑን ነው። ቤዝመንቱ የዕቃ ማስቀመጫ በነበረበት ጊዜ የተገኘ የቆየ ውጤት፣ ዛሬ እዚያ ለሚተኛ ሰው ዋስትና አይሆንም።

ማሞቂያው፣ ከሰሉና ጋዙ

በጋዝ የሚሠሩት የቤት ማሞቂያና የውኃ ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በቤዝመንት ነው። በእድሳት ወቅት እነዚህ መሣሪያዎች በጠባብ ክፍል ታጥረው በቂ አየር ካላገኙ፣ ወይም አዲስ የተተከለ ኃይለኛ የአየር ማስወጫ የጭስ መውጫውን ጭስ ወደ ቤት ከመለሰው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከማቻል። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

የቡና ሥርዓትም እዚህ ላይ ይነሳል። አገር ቤት በረንዳ ላይ ወይም በሩ ተከፍቶ የሚቀጣጠለው ከሰል፣ ለብርድ ተብሎ አየር እንዳያስገባ በተደፈነ ቤዝመንት ውስጥ ገዳይ ነው። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መጣድ ይህን አደጋ ያስቀራል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም በየወለሉና በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ መኖር አለበት።

የጋዝ መስመሩም ሊመረመር ይገባል። በዚሁ ካውንቲ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በፍላወር ብራንች አፓርትመንት የደረሰ ፍንዳታ ሰባት ሰዎችን ገድሏል። ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደደረሰበት፣ በሕንፃው ውስጥ የነበረ አሮጌ የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነበር፤ ጋዙን ወደ ውጭ ማስወጣት የነበረበት ቱቦም አልተገናኘም ነበር። የጋዝ ሽታ የሸተተው ሰው መብራት ሳይነካ ወዲያውኑ ከቤት ወጥቶ፣ ከውጭ ሆኖ 911 መደወል አለበት።

መውጫ ያለው መኝታ

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ሕንፃ ደንብ፣ በቤዝመንት ያለ መኝታ ክፍል ከደረጃው ሌላ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስኮት ወይም በር እንዲኖረው ያዝዛል። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች፣ ማለትም ከ112 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። ከላይ ባለው ኩሽና እሳት ተነሥቶ ደረጃው በጭስ ሲሞላ፣ ከታች ላለው ሰው የሚቀረው መንገድ ይህ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩ የማያየው

ቤት ገዢዎች የሚቀጥሩት የቤት ኢንስፔክተር በዋነኛነት በዓይን የሚታየውን ይመረምራል፤ ግድግዳ አያፈርስም። የራዶን፣ የእርሳስና የአስቤስቶስ ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚጠየቅ ነው። እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳ ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን ሥራ በተመለከተ መልስ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ መዝገብ ነው። ሻጩ «ቤዝመንቱን አድሻለሁ» ካለ፣ የኤሌክትሪኩ፣ የቧንቧውና የግንባታው ሥራ ፈቃድ ወጥቶለት የመጨረሻውን ምርመራ ማለፉን ማጣራት ይገባል። በሮክቪል ከተማ ክልል ላለ ቤት ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው አስተዳደር ነው። የፖስታ አድራሻቸው ሮክቪል ቢልም ከከተማው ክልል ውጭ ያሉ ቤቶች ግን በካውንቲው ሥር ናቸው። በተሳሳተው ቢሮ ፈልጎ መዝገብ ያጣ ገዢ፣ ሥራው ያለ ፈቃድ ተሠርቷል ብሎ ሊደመድም፣ ወይም ፍለጋውን ሊተው ይችላል።

መዝገቡን ማየትና ራዶን መለካት ጥቂት ቀናት ይወስዳሉ፤ መስኮቱን ከፍቶ መሞከርና ደወሉን መፈተሽ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። አራቱም መጠናቀቅ ያለባቸው አልጋው ከመዘርጋቱ በፊት ነው።