ያውቁ ኖሯል? ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል

በሁሩታና በሌሎች የአርሲ ከተሞች ጋሪው ላይ እንደተጠመደ ዓይኑን የከደነ ፈረስ ያያሉ። ጅማቶቹ መገጣጠሚያውን ቆልፈው ስለሚይዙለት ጡንቻው ሳይደክም ቆሞ ያሸልባል፤ አውሬ ቢመጣ ወዲያው ይሮጣል። በቀን 3 ሰዓት ገደማ እንቅልፍ ይበቃዋል።

ለጠላት የሚያጋልጥ እንቅልፍ ታዲያ ለምን አስፈለገ? በ2017 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አንጎል የሌለው፣ ጄሊፊሽ የተባለ የባሕር እንስሳ እንኳ እንደሚተኛ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሱትም ቀን እንደሚያካክስ አሳዩ። ድንቅ ነው! እንቅልፍ ከአንጎል በፊት የመጣ ይመስላል። አንጎል ላላቸው ደግሞ የተማሩትን ያጸናል፤ ጉልበትም ይቆጥባል።

ፈረስም ቆሞ ቢያሸልብ እንኳ፣ ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ ለማግኘት መጋደም አለበት፤ ያኔ ጡንቻው ይዝላልና። ደረቅና ሰፊ መኝታ ያጣ ፈረስ ቀናት ሲደራረቡ፣ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል።