አጥር ሲገፋ፣ ቤት ሲፈርስ፦ ሆን ተብሎ የደረሰን ጉዳት ማን ይክሳል?

አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ሀና ማርያም በሚባለው ሰፈር ባለ ካርታው፣ ከገበሬ በውል የገዛውና ያለ ፈቃድ ጨረቃ ቤት የሠራው ጎን ለጎን ሰፈሩ። እንዲህ ባለ ሰፈር ጠብ አይጠፋም። አንዱ ሌሊቱን የቆርቆሮ አጥሩን አንድ ክንድ ገፍቶ ያድራል፤ ጎረቤቱ ጠዋት ቢጠይቀው በቡጢ ይመልስለታል። ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል፣ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ። የተሰበረውን ጥርስ፣ ከሥራ የተቀረበትን ቀንና የተነቀለውን አጥር ግን ማንም አያነሳቸውም።

እነዚህን የሚያነሳው ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ጥፋት ታስቦም በቸልተኝነትም ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 2032 ደግሞ ክፋትን ብቻ አይመለከትም። ለራሱ ትንሽ ጥቅም ሲል፣ ከጥቅሙ ጋር የማይመጣጠን ጉዳት በሌላው ላይ እንደሚያደርስ እያወቀ የሠራም አጥፊ ነው።

በአንቀጽ 2038 መሠረት የሌላውን አካል ያለ ፈቃዱ ሆን ብሎ መንካት ጥፋት ነው፤ በእጅም ይሁን በዱላ ወይም ውሻ በመልቀቅ። ዛቻ ብቻውን ግን ካሳ አያስከፍልም፤ እሱ የወንጀል ሕጉ ጉዳይ ነው። ዕዳውን እስኪከፍል ተብሎ ሱቅ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ በአንቀጽ 2040 መክሰስ ይችላል።

ለሀና ማርያም ዋናው ነገር ግን ቤትና መሬት ነው። ባለይዞታው በግልጽ እየተቃወመ፣ ሕጋዊ ሥልጣን ሳይኖረው፣ ግቢ ጥሶ የገባ አጥፊ ነው፤ አንቀጽ 2053። ሰፈሩ አሳምሮ የሚያውቀው "ሁከት ይወገድልኝ" የሚለው ክስም አለ። ይህ ክስ በመርህ የሚጠይቀው ይዞታን እንጂ ባለቤትነትን አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ይታገዳል።

አፍራሹ መንግሥት ሲሆን ክርክሩ ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ እዚሁ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ ያለ ካሳ ለማስለቀቅ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሰባት የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። እንደኔ እምነት ያለዚህ ማስጠንቀቂያ ቤት ያፈረሰ ሹም "ሕጋዊ ሥልጣን ነበረኝ" ሊል አይገባውም። ደግሞም መሬቱ የነዋሪው አይደለም ማለት አልጋው፣ ቴሌቪዥኑና የተነቀለው ቆርቆሮ የእሱ አይደሉም ማለት አይደለም። በፍርስራሽ ስር የተቀበረ ዕቃ ራሱን የቻለ የካሳ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት መንግሥትንም መክሰስ እንደሚቻል አንቀጽ 2126 ይናገራል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በጊዜ ነው። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ያ ጊዜ ይሠራል። በወንጀል የተከሰሰው ሰው ነጻ ከተባለ "እንግዲህ አከተመ" ብሎ ፋይሉን የሚጥለውም ብዙ ነው። አንቀጽ 2149 ግን የፍትሐ ብሔር ችሎት በወንጀል ችሎቱ የነጻነት ውሳኔ እንደማይገደድ ይደነግጋል።

ከዚያ ካሳው ይመጣል። ሕክምናው፣ የታጣው ገቢና የአጥሩ ዋጋ በደረሰኝና በምስክር ይተመናሉ። ለውርደቱ፣ ለሕሊና ጉዳቱ፣ አንቀጽ 2116 ጣሪያ አስቀምጧል፦ 1,000 ብር። ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በጋዜጣ ስሙ ለጠፋ ሰው የ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ እስከ 100,000 ብር ፈቅዶ ነበር። ጎረቤቱ ፊት በጥፊ የተመታው የሀና ማርያም ሰው ግን አሁንም የሚጠብቀው ያው 1,000 ብር ነው።