ያውቁ ኖሯል? ጠፈር ላይ ኮሽታ የለም

ደሴ ውስጥ ከሆጤ ሜዳ የሚነሳ የጨዋታ ጩኸት ሰፈር ተሻግሮ የሚሰማው አየር ተሸክሞት ስለሚሄድ ነው። አየር በሌለበት ጠፈር ግን መንኮራኩር ቢፈነዳ እንኳ ድምፁ ጆሮ አይደርስም። አብዛኞቹ የጠፈር ፊልሞች ይህን እያወቁ ፍንዳታውን ያስጮኹታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ከመንኮራኩሩ ውጭ ባሉ ትዕይንቶች የጠፈርተኛውን ትንፋሽ ያሰማል፤ አንዳንዴ እሱንም ይነፍጋል። «ግራቪቲ» (2013) ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው። ጠፈርተኛዋ አንድ ነገር ስትነካ ንዝረቱ በልብሷ አልፎ የታፈነ ድምፅ ሆኖ ይደርሳታል። ለዚህም ባለሙያዎቹ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ማይክሮፎን ተጠቅመዋል፤ የፍንዳታውን ቦታ የሚሞላው ሙዚቃው ነው። ለምስሉ ጠፈርተኛዋን ሆና የተወነችው ሳንድራ ቡሎክ ውስጡ በኤልኢዲ መብራቶች በተለበጠ ሳጥን ውስጥ ገብታ ተቀርጻለች። የምትሽከረከር የሚያስመስላት በዙሪያዋ የሚዞረው ብርሃን ነው። ፊልሙ ካገኛቸው 7 ኦስካሮች ሁለቱ የድምፅ ናቸው።

«አፖሎ 13» (1995) ማስመሰሉን ትቶ እውነተኛውን መንሳፈፍ መረጠ፦ ተዋንያኑ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል በሚወርድ የናሳ አውሮፕላን ውስጥ፣ በየዙሩ ለ25 ሰከንድ ያህል ክብደት አልባ እየሆኑ ተቀርጸዋል።