ትንኝ ሁሉ አንድ አይደለችም፦ ድሬዳዋ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡት

ቦሌና አካባቢው የምንኖር ልጆች ስለ ወባ ብዙም አንጨነቅም። ምክንያትም አለን። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ወባ ደግሞ በሀገራችን በብዛት የሚሰራጨው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ገርጂ ወይ አያት ሌሊት ጆሯችን ስር የምትጮኸው ቢንቢ አብዛኛውን ጊዜ ኩሌክስ የምትባለዋ ናት። እሷ ወባ አታስተላልፍም።

ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ የሚባለው ወገን ናት። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። አኖፊለስ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው፤ ኩሌክስ ግን ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ትቀመጣለች። ውሃ ውስጥ ደግሞ የኩሌክስ እጭ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች፤ የአኖፊለስ እጭ ውሃው ላይ በአግድም ትንሳፈፋለች።

እስከዚህ በስልክ ካሜራም ይሞከራል። ከዚህ በኋላ ግን ይከብዳል፤ አኖፊለሶችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ።

በኢትዮጵያ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት። እሷን ቁርጥ የምትመስል አኖፊለስ አምሃሪከስ የምትባል ዘመድ አለቻት። ይህን ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አምሃሪከስ በዋናነት ከብት ነው የምትነክሰው፤ ወባ አስተላላፊ ተደርጋም አትታይም። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ላብራቶሪ ገብቶ የዘረመል ምርመራ ይፈልጋል። ስለዚህ ትንኝ ቆጥሮ ብቻ «ይሄ ሰፈር አደገኛ ነው» ማለት ያሳስታል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ሌላ ዘመድ ከእስያ መጥታለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። ከአረቢየንሲስ የሚለያት አፏ አጠገብ ባለው መዳሰሻ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ናቸው፤ እሱም በአጉሊ መነጽር፣ በሰለጠነ ዓይን ነው የሚታየው።

ይቺ ለምን ታሳስባለች? አረቢየንሲስ በብዛት የምትራባው ዝናብ በሚተወው ኩሬ ነው። ስቴፈንሲ ግን ከተማ ይመቻታል፦ ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ቦታ የውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። ዝናብ መጠበቅ የለባትም። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ነው የተያያዘው። ጅቡቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ስቴፈንሲ በተገኘችበት ዓመት፣ 27 የወባ ታማሚ ብቻ ነበር የተመዘገበው፤ በ2020 ከ73,000 አለፈ።

«ከተማ ነው፣ በጋ ነው፣ ወባ የለም» የሚለው የድሮ አባባል እንግዲህ አይሰራም ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

- ወደ ቆላ ከተማ ስትሄዱ በጋም ቢሆን አጎበር ውስጥ ተኙ።
- እዚያ ቤተሰብ ካላችሁ ሮቶና በርሜል ክዳን እንዲኖረው ንገሯቸው።
- ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ሳምንታት ቢያልፉም፣ ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ዛሬውኑ ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

የነከሰቻችሁ የትኛዋ እንደሆነች እናንተ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የሄዳችሁበትን ከተማ ግን ታውቃላችሁ፤ ለሐኪሙ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ለመንገድ ለተዘጋጀ ጓደኛችሁ አጋሩት።