ፎቶው ብቻውን አይናገርም

ኦክቶበር 14 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን በምዕራብ ኩባ ሰማይ ከፍ ብሎ አለፈ፤ በጥቂት ደቂቃዎች 928 ፎቶግራፎች አነሳ። ፎቶዎቹ ዋሽንግተን ለሚገኙ ተንታኞች ቀረቡ። ሌላ ሰው ቢያያቸው ዛፍ፣ መንገድ፣ ድንኳንና ሸራ የለበሱ ረጃጅም ነገሮች ብቻ ነበር የሚታዩት።

ስለላ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የተሰረቀ ምስጢር ነው። መንግሥት የሚወስንበት መረጃ ግን የሚሠራው ምስጢሩ ከተገኘ በኋላ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተንታኞቹ ሸራ የለበሱትን ነገሮች ርዝመት ለኩ። ልኬቱን በሞስኮ ወታደራዊ ሰልፍ ላይ ከተነሱ ፎቶዎች፣ እንዲሁም የሶቪየቱ ኮሎኔል ኦሌግ ፔንኮቭስኪ በድብቅ አሳልፎ ከሰጠው የሚሳኤል መመሪያ ጋር አመሳከሩ። መልሱ ወጣ፦ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወነጨፈው ኤስኤስ-4 የተባለ የሶቪየት ሚሳኤል።

ኦክቶበር 16 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፎቶዎቹን ሲያዩ ተንታኞቹ ይህን እንዴት እንዳወቁ፣ ሚሳኤሎቹም መቼ ሊተኮሱ እንደሚችሉ ጠየቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከባዱ ነበር። ገና ዝግጁ አይመስሉም መባሉ ለመምከሪያ ቀናት ሰጠ፤ ኬኔዲም ወዲያው ከመደብደብ ይልቅ ደሴቲቱን በባሕር ኃይል መክበብን መረጡ።

እኔን ከዚህ ስኬት ይልቅ የሚያሳስበኝ ከወር በፊት የሆነው ነው። ሴፕቴምበር 19 የወጣው የአሜሪካ የስለላ ግምገማ ሶቪየቶች እንዲህ ያለ ሚሳኤል ኩባ ላይ ይተክላሉ ተብሎ አይጠበቅም አለ፤ ምክንያቱ ይህ ከሶቪየቶች የቀደመ ልማድ ጋር አይሄድም የሚል ነበር። የሲ.አይ.ኤ ዋና ኃላፊ ጆን ማኮን ግን አልተቀበሉትም። በየቦታው የተተከሉት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎች አንድ ነገር ለመጠበቅ ካልሆነ ለምን መጡ? አሉ። ግምገማውን የመሩት ሸርማን ኬንት በኋላ ሲከራከሩ፣ የተሳሳተው የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ነው እስከማለት ደረሱ። ይህን መቀበል ይከብደኛል። የተንታኝ ሥራ ባላጋራው የሚያስበውን መገመት ነው፤ ባላጋራው በእኛ ሚዛን ብልህ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፎቶዎቹም ቢሆኑ ሁሉን አላሳዩም። ተንታኞቹ ኩባ ውስጥ ያሉትን የሶቪየት ወታደሮች 10,000 ገደማ ብለው ገምተው ነበር፤ የነበሩት ግን ከ40,000 በላይ ናቸው። የአሜሪካ ጄኔራሎች ኩባ ትወረር ሲሉ፣ ለውጊያ ሜዳ የተዘጋጁ የአጭር ርቀት የኑክሌር ጦር መሣሪያዎች ደሴቲቱ ላይ መድረሳቸውን ዋሽንግተን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።